ፎርሙላ 4፡ ከካርቲንግ ወደ ፎርሙላ 1 የሚወስደው የመጀመሪያ ደረጃ

ፎርሙላ 4 በካርቲንግ ውድድር ያደጉ ታዳጊዎች ከ15 ዓመታቸው ጀምሮ ባለ አንድ መቀመጫ መኪና ይዘው የሚፎካከሩበት የመነሻ ውድድር ነው። ዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን ውድድሩን የመሠረተው በካርቲንግና በፎርሙላ 3 መካከል የነበረውን ክፍተት ለመሙላት ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2014 በተጀመረው የጣሊያን ሻምፒዮና የመጀመሪያው አሸናፊ ካናዳዊው ላንስ ስትሮል ነበር። በ2015 የብሪታንያውን ውድድር ላንዶ ኖሪስ፣ በ2022 የጣሊያኑን አንድሬያ ኪሚ አንቶኔሊ አሸንፈዋል፤ ሦስቱም ለፎርሙላ 1 በቅተዋል።

በአንድ ሻምፒዮና የሚወዳደሩ ሁሉ አንድ ዓይነት መኪና ስለሚያሽከረክሩ የአሽከርካሪው ችሎታ ጎልቶ ይታያል። ሻምፒዮኑ ለፎርሙላ 1 ፈቃድ ከሚጠየቀው 40 ነጥብ እስከ 12 ያገኛል። ሆኖም የአንድ የውድድር ዘመን ወጪ ከባድ በመሆኑ፣ ደጋፊ ያላገኘ ባለተሰጥኦ ታዳጊ ጉዞው ከካርቲንግ ሳይሻገር ሊገታ ይችላል።