የልብ በር ከመቀየሩ በፊት በፕሪንተር የሚሠራው የልብ ሞዴል

ልባችን አራት በሮች አሉት። ሐኪሞች ቫልቭ ይሏቸዋል። ተከፍተው ደም ያሳልፋሉ፣ ተዘግተው ወደኋላ እንዳይመለስ ይከለክላሉ። ከልብ ወደ መላ ሰውነት ደም የሚያሳልፈው አዎርቲክ ቫልቭ ይባላል። በእርጅና ጊዜ ካልሲየም እየተጋገረበት ሊጠብ ይችላል። ያን ጊዜ ሰው ጥቂት ሲራመድ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ደረቱን ይወጋዋል፣ አንዳንዴም ራሱን ይስታል። ይህን «እርጅና ነው» ብሎ መተው አይገባም።

ቀድሞ ይህን በር ለመቀየር ደረት መክፈት ግድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 ግን ፈረንሳዊው ሐኪም አለን ክሪቢየ በሩዋን ከተማ አዲስ ቫልቭ በቀጭን ቱቦ፣ በደም ሥር በኩል አስገቡ። ሕክምናው ዛሬ ታቪ ይባላል። ቱቦው አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው በብሽሽት ነው። አሮጌው በር አይወጣም፤ አዲሱ በውስጡ ተከፍቶ ወደ ጎን ይገፋዋል።

ደረት ስለማይከፈት ሐኪሙ በሩን በዓይኑ አያየውም። ስለዚህ ልኩን አስቀድሞ ማወቅ አለበት። አዲሱ ቫልቭ ካነሰ በጎኑ ደም ያፈስሳል። ከበለጠ ዙሪያውን ሊጎዳ፣ የልብ ምት የሚያልፍበትንም መሥመር ሊጫን ይችላል። ያኔ ኮጼቭ ሌቭ ማስገባት ሊያስፈልግ ይችላል።

ለዚህ ዋናው መለኪያ የሲቲ ምርመራ ነው። ነገሩ አስቸጋሪ ሲሆን አንዳንድ ሆስፒታሎች የሲቲውን ምስል ወደ ስሪዲ ፕሪንተር ይልካሉ። ማሽኑ፣ ሸክላ ሠሪ ጭቃ እየደራረበች ማሰሮ እንደምታቆም፣ ስስ ንብርብር እየደረበ የታማሚውን በር በትክክለኛ መጠኑ ይሠራል። የደም ቧንቧው ለስላሳ፣ ካልሲየሙ ጠንካራ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ሐኪሞቹ የተለያየ ልክ ያላቸውን ቫልቮች በሞዴሉ ውስጥ ይሞክራሉ፤ የትኛው እንደሚገጥም፣ በየት በኩል ሊያፈስስ እንደሚችል ያያሉ።

ሞዴሉ መለማመጃ ነው፤ ሰውነት ውስጥ አይገባም። እንደ ሕያው ልብ ስለማይመታም ሁሉን አይነግርም። ለሁሉም ታማሚ አያስፈልግም፤ ያለ እሱ የሚሠራው ይበልጣል።

ታቪ ከታዘዘልዎ ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ የቫልቬ ልክ እንዴት ተለካ? ለእኔ የሚያሰጋው ምንድን ነው? ኮጼቭ ሌቭ ያስፈልገኝ ይሆን? በእስራኤል የ1996 የሕሙማን መብት ሕግ መሠረት፣ ሐኪሙ ሕክምናውን ሊረዱት በሚችሉት መንገድ ማስረዳት ግዴታው ነው። ዕብራይስጡ ከከበደዎ አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ ሳይገባዎ አይፈርሙ።