የጉልቻ ታሪክ

የዛሬው ንግግራችን ስለ ቤታችሁ እሳት ነው።

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይባላል። እውነት ነው፤ ወጥ አያጣፍጥም። ግን እንጨት ይቆጥብ ይሆን? መልሱን ከታሪክ እንፈልግ።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከመቆርቆሯ በፊት የዳግማዊ ምኒልክ መቀመጫ እንጦጦ ነበረ። እንጦጦ ብርድ ነው። ያለ እሳት አይታደርም። ለቤት መሥሪያም ለማገዶም እየተባለ ጥዱና ወይራው ተቆረጠ። ሰዉ ወደ ፍልውኃው ሜዳ ከወረደ በኋላም ከተማው ሰፋ፤ ጫካው ራቀ። የማገዶ ችግር ስለ ጠና ምኒልክ በ1890ዎቹ መጀመሪያ በስተምዕራብ በኩል አዲስ ዓለምን ማሠራት ጀመሩ። ዋና ከተማውን ወደዚያ ለማዛወር ታስቦ ነበር። አያችሁ? ከተማ የሚያህል ነገር ማገዶ አጥቶ ሊነሣ ነበር!

ከተማይቱን ያቆያት ባሕር ዛፍ ነው። ከባሕር ማዶ መምጣቱን ስሙ ራሱ ይናገራል። የትውልድ አገሩ አውስትራሊያ ነው። ወደኛ የገባው በ1880ዎቹ ነው። ቶሎ ያድጋል፤ ሲቆርጡትም ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል።

ዛፉ ቢበዛም ሸክሙ አልቀረም። ስንት እናቶች ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው፥ ጎንበስ ብለው ከእንጦጦ ወረዱ! ይህ ሁሉ ልፋት ምን ላይ ዋለ? በሦስት ጉልቻ መካከል የሚነደው እሳት አብዛኛው ሙቀቱ በየጎኑ ይበተናል። ለምጣዱ የሚደርሰው ጥቂቱ ነው።

ስለዚህ በ1980ዎቹ «ምርጥ» የተባለ የእንጀራ ምድጃ ተሠራ። ከሲሚንቶና ከአሸዋ የተበጀ ነው፤ እሳቱን ዙሪያውን ይከበዋል። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲመዛዘን ማገዶውን እስከ ግማሽ ድረስ ይቀንሳል። ለከሰልም «ላቀች» የሚባል፥ ውስጡ ሸክላ ውጩ ቆርቆሮ የሆነ ማንደጃ ወጣ።

ምድጃ ግን እንደ ከብት ነው፤ ካልተንከባከቡት አያገለግልም። አመዱን ሳይሞላ ጥረጉት፤ እሳትም እንደ ሰው አየር ይፈልጋል። የተሰነጠቀውን ቶሎ ምረጉት፤ ሙቀቱ በስንጥቁ ይሾልካል። እንጨቱን ፈልጣችሁ በደንብ አድርቁት። እርጥብ እንጨት መጀመሪያ የሚያሞቀው የራሱን ውኃ ነው፤ ትርፉ ጭስ ነው።

አሁን ደግሞ ዋናውን ነገር ስሙ። «ጭስ መውጫ አያጣም» ይባላል። የከሰል መርዝ ግን ጭስ አይደለም። አይታይም፤ አይሸትም። ብርዱ ሲጠና ከሰል አቀጣጥለው፥ በር ዘግተው የተኙ ሰዎች ሳይነቁ ቀርተዋል። ከሰሉ ፍም ቢሆንም መርዙ አይጠፋም። እንግዲህ ከሰል ይዛችሁ በዝግ ቤት አትተኙ። ማንደጃውን ከመኝታ በፊት ወደ ውጭ አውጡት። ራሱን ያመመው፥ የዞረበት ወይም ያቅለሸለሸው ሰው ካለ በሩን ከፍታችሁ ቶሎ ወደ ንጹሕ አየር አውጡት፤ ወደ ጤና ጣቢያም ውሰዱት።

አዎን፥ ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም። የእናትን ጀርባ ግን ያሳርፋል።

አሁን አንብባችሁ መልሱ፦
1. አዲስ ዓለም ለምን ተቆረቆረች?
2. እርጥብ እንጨት ለምን ይጨሳል?
3. ከመተኛታችሁ በፊት ማንደጃውን ምን ታደርጉታላችሁ?