ኮፍያ የሚጠልፍ ማሽን እንዴት ይዘጋጃል? በአያሃ ለሚጀምሩ

በሃርጌሳ ዳርቻ በአያሃ ሆናችሁ ማሽን በጋራ ገዝታችሁ ወይም ተከራይታችሁ ኮፍያ ለመጥለፍ ካሰባችሁ፣ የሸሚዝ አሠራር ኮፍያ ላይ እንደማይሠራ አስቀድማችሁ እወቁ። ሸሚዝ ዝርግ ነው። ኮፍያ ግን ክብ ነው፣ ፊቱ ይደርቃል፣ መሃሉ ላይም ወፍራም ስፌት አለው። የተበላሸው ኮፍያ ዋጋ ደግሞ ከእናንተ ኪስ ነው የሚወጣው፤ ጥልፉ ቢፈታም የመርፌው ቀዳዳ ይቀራል።

መጀመሪያ ጠረጴዛውንና የሸሚዝ ፍሬም መያዣውን ንቀሉ። በቦታው ኮፍያውን የሚያዞረውን ክፍል ግጠሙ፣ ብሎኖቹንም አጥብቁ፤ ትንሽ ከተነቃነቀ ፊደሉ ይዛነፋል። ከዚያ ስክሪኑ ላይ የኮፍያ ፍሬም ምረጡ። ይህ ከተረሳ ጥልፉ ተገልብጦ ሊወጣ፣ መርፌውም ብረት ሊመታ ይችላል።

ዋናው ሥራ ኮፍያውን ፍሬሙ ላይ ማልበስ ነው፤ እዚህ ላይ አትቸኩሉ። የውስጡን የላብ ጥብጣብ ወደ ውጭ ገልብጡ። የመሃሉን ስፌት ከፍሬሙ የመሃል ምልክት ጋር አግጥሙ። የብረት ማሰሪያው ጥላው ከኮፍያው ጋር የሚገናኝበት ስፌት ላይ ይረፍ፣ የኋላውንም በመቆንጠጫ ያዙት። እንደ ከበሮ ካልተወጠረ ፈታችሁ እንደገና አልብሱት። ለስላሳ ኮፍያ ከሆነ ከሥሩ የሚቀደድ ማጠንከሪያ ሁለት ድርብ አድርጉ።

ጥልፉ ከታች ወደ ላይ፣ ከመሃል ወደ ጎን ይሂድ። መርፌው ጨርቁን እየገፋ ስለሚሄድ ከዳር ከተጀመረ ሽብሽቡ መሃል ላይ ይከማቻል። በተለመደው ኮፍያ ቁመቱ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ባይበልጥ ይሻላል። ሳትጀምሩ ማሽኑ የጥልፉን ዙሪያ ባዶውን እንዲዞር አድርጉ፤ ብረት የሚነካ ከሆነ ያኔ ይታያል።

የእኛ ፊደል የራሱ ጣጣ አለው። ብዙ ማሽኖች ውስጥ ግዕዝ ስለሌለ በኮምፒውተር ይሣላል፤ ፋይሉም ብዙውን ጊዜ በዲ.ኤስ.ቲ. ይቀመጣል። ፊደሉን ከ1 ሴንቲ ሜትር በታች አታድርጉት። የኃምስ ቀለበት ከጠፋች «ቤቴ» «በተ» ሆኖ ይነበባል! የሶማሊኛ ስም ሲመጣ ደግሞ ደንበኛው በእጁ ጽፎ ይስጣችሁ። በ1972 (እ.ኤ.አ.) በጸደቀው የላቲን አጻጻፍ «ሐ» በኤክስ ነው የሚጻፈው፤ ስህተት መስሏችሁ እንዳታርሙት።

መርፌ 75/11 ሹሉን፣ ለደረቅ ኮፍያ 80/12 ተጠቀሙ። ማሽኑ በደቂቃ 1000 ስፌት ቢችልም ለኮፍያ ከ500 እስከ 650 ይበቃል። የክሩን ውጥረት በቁራጭ ጨርቅ ሞክሩ፦ ከጀርባ ሲታይ የታችኛው ነጭ ክር የመሃሉን ሲሶ ያህል መያዝ አለበት። ነጩ ከላይ ብቅ ካለ የላዩ ክር ጠብቋል ማለት ነው። አቧራ እንዳይገባ ስትጨርሱ ማሽኑን ሸፍኑት።

መብራት ድንገት ከጠፋ ኮፍያውን ከፍሬሙ አታውጡ። ካወጣችሁት በዚያው ቦታ መመለስ አይቻልም በሉት። ብዙ ማሽኖች ያቆሙበትን ያስታውሳሉ፤ መብራት ሲመጣ ጥቂት ስፌት ወደ ኋላ መልሳችሁ ቀጥሉ።