የቆሻሻ አመድ በኮንክሪት ውስጥ፦ ሲሚንቶን በከፊል የመተካት አቅሙና ገደቡ

ሲሚንቶ የሚገኘው የኖራ ድንጋይና ሸክላማ አፈር ተፈጭተው 1,450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሚደርስ እሳት ከተቃጠሉ በኋላ፣ ክሊንከር የተባለው ጠጣር ውጤት ከጥቂት ጂፕሰም ጋር ሲደቅ ነው። አንድ ቶን ክሊንከር ሲመረት ከ800 ኪሎ ግራም በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ አየር ይወጣል፤ ከዚህም ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሚመነጨው ከነዳጁ ሳይሆን በእሳት ከሚፈርሰው ከኖራ ድንጋዩ ከራሱ ስለሆነ፣ ነዳጅ በመለወጥ ብቻ ልቀቱን ማስቀረት አይቻልም። የክሊንከሩን ድርሻ የሚቀንሱ ማዕድናት የሚፈለጉትም በዚህ ምክንያት ነው። ከእነዚህ ዋነኞቹ ስማቸውን በኔፕልስ አጠገብ ከምትገኘው ከፖዙዎሊ ከተማ የወሰዱት ፖዞላኖች ሲሆኑ፣ ብቻቸውን ባይጠነክሩም ሲሚንቶ ከውሃ ጋር ሲዋሐድ ከሚለቀው ኖራ ጋር ተጣምረው የሚጠነክሩ፣ ሲሊካና አሉሚና የበዛባቸው ዱቄቶች ናቸው። በኢትዮጵያ ገበያ ፒፒሲ ተብሎ የሚሸጠው ሲሚንቶም ፑሚስ የተባለውን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በዚሁ መንገድ ይጠቀማል።

የከተማ ቆሻሻ ተቃጥሎ የሚቀረው አመድ ከፖዞላኖች ተርታ ሊሰለፍ ይችላል ወይ የሚለው ጥያቄ መልስ የሚያገኘው በቅድሚያ አመዱ አንድ ዓይነት አለመሆኑ ሲታወቅ ነው። ከምድጃው ሥር የሚወድቀው የግርጌ አመድ ከቆሻሻው ክብደት ከ20 እስከ 30 በመቶ የሚሆን፣ የጠርሙስና የሸክላ ስብርባሪ፣ ቀልጦ የረጋ ጥቀርሻና ቁርጥራጭ ብረት የተቀላቀለበት ነው። ከጢሱ ላይ በማጣሪያ የሚያዘው በራሪ አመድ በአንጻሩ መጠኑ ጥቂት ቢሆንም፣ እርሳስ፣ ዚንክና ካድሚየም እንዲሁም ዳዮክሲን የተባሉት መርዛማ ውህዶች ይበልጥ የሚከማቹት በእርሱ ላይ ነው። ከድንጋይ ከሰል የሚገኘውና ለብዙ ዓመታት በኮንክሪት ሥራ የተመሰከረለት አመድም በራሪ አመድ መባሉ ብዙ ሰው ያሳስታል፤ ሆኖም የአውሮፓው ደረጃ ኢኤን 450 የከተማ ቆሻሻ አመድን ከትርጓሜው ውጭ ያደረገ በመሆኑ፣ ለአንዱ የተሰጠውን ምስክርነት ለሌላው ማዋስ አይገባም።

ከግርጌ አመድ ችግሮች ሁሉ በጥንቃቄ ሊጤን የሚገባው አሉሚኒየም ነው። የመጠጥ ጣሳና የምግብ መጠቅለያ በምድጃው ውስጥ ቀልጠው ማግኔት በማይስባቸው ደቃቅ ፍንጣሪዎች መልክ በአመዱ ውስጥ ይበተናሉ። የአልካሊነት መጠኑ ከፒኤች 12.5 በላይ በሆነው የሲሚንቶ ሊጥ ውስጥ ሲገቡ፣ በላያቸው ያለው መከላከያ ስስ ሽፋን ይሟሟና አሉሚኒየሙ ሃይድሮጅን ጋዝ መልቀቅ ይጀምራል፤ አንድ ግራም አሉሚኒየም ከ1.2 ሊትር በላይ ጋዝ ስለሚያወጣ፣ እርጥቡ ኮንክሪት እንደ ቦካ ሊጥ ይነፋል፣ ከደረቀ በኋላ የሚወጣው ጋዝም ይሰነጥቀዋል። ቀላል ብሎኬት የሚያመርቱ ፋብሪካዎች ይህንኑ ሂደት ሆን ብለው የሚጠቀሙበት ቢሆንም፣ ጭነት በሚሸከም ኮንክሪት ውስጥ ግን ጉዳት ነው። መፍትሔው አመዱን ከውሃ ጋር በመፍጨት ጋዙ አስቀድሞ እንዲወጣ ማድረግ፣ ወይም ለሳምንታት በሜዳ ላይ ከምሮ ዝናብና አየር አልካሊነቱን እንዲያበርዱት መተው ነው። አሉሚኒየም ሲፈጭ ከመድቀቅ ይልቅ ስለሚጠፈጠፍ፣ ከወፍጮ በኋላ በወንፊት መለየቱም ይረዳል።

ሁለተኛው እንቅፋት ከምግብ ጨውና ከፕላስቲክ የሚመጣው ክሎራይድ ነው። በኮንክሪት የታቀፈ ፌሮ ከዝገት የሚጠበቀው በአልካሊው አካባቢ በሚፈጠርለት ስስ ሽፋን ሲሆን፣ ክሎራይድ ይህን ሽፋን ሲያፈርሰው ብረቱ ይዝጋል፣ ዝገቱም ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ኮንክሪቱን ከውስጥ ይፈነቅለዋል። አመዱን ማጠብ ክሎራይዱን በእጅጉ ይቀንሰዋል፤ ይሁን እንጂ የእጣቢው ውሃ ራሱ መታከም ይኖርበታል። ዚንክና እርሳስም የሲሚንቶውን መጠንከር ያዘገያሉ። ስለዚህ ኮንክሪቱ ከተሞላ በኋላ በ28ኛው ቀን ብቻ የሚለካ ጥንካሬ ዘግይቶ የሚመጣውን የፖዞላን ውጤትም ሆነ ከዓመታት በኋላ የሚከሰተውን ዝገት አያሳይም።

ጉዳዩ ለአዲስ አበባ ሩቅ አይደለም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቆሼ በተባለው የከተማዋ ቆሻሻ መጣያ ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ በነሐሴ 2010 ዓ.ም. የተመረቀው የረጲ የኃይል ማመንጫ የታቀደውም በቀን 1,400 ቶን ቆሻሻ እንዲያቃጥል ነበር። ከላይ በተጠቀሰው ምጣኔ ሲሰላ፣ በሙሉ አቅም የሚሠራ እንዲህ ያለ ተቋም በቀን ከ280 እስከ 420 ቶን የግርጌ አመድ ያወጣል ማለት ነው። አገሪቱ የእሳተ ገሞራ ፖዞላን ስላልቸገራት የአመዱ ፋይዳ ከሲሚንቶ ቁጠባ ይልቅ ሌላ የአመድ ተራራ እንዳይቆለል በማድረጉ ላይ ያመዝናል፤ ይህም የምርምሩን መለኪያ ይለውጣል፤ በአንድ ኮንክሪት ውስጥ ምን ያህል አመድ ሊገባ እንደሚችል ከመጠየቅ ይልቅ አመዱ በየትኛው ምርት ውስጥ ያለ ጉዳት እንደሚቀመጥ መጠየቅ ይሻላል።

ከዚህ አንጻር ታጥቦና ቆይቶ የተፈጨ የግርጌ አመድ በአነስተኛ መጠን ሊሞከር የሚገባው ፌሮ በሌለባቸው ምርቶች፣ ማለትም በእግረኛ መንገድ ንጣፍ፣ በመንገድ ጠርዝና በግድግዳ ብሎኬት ላይ ሲሆን፣ በራሪው አመድ ግን ተለይቶ ሊወገድ ይገባል። ፍተሻውም ብሎኬቱ ሙሉ ሳለ ብቻ የሚደረግ መሆን የለበትም፤ አሮጌ ቤት ሲፈርስ ፍርስራሹ ለመሙያ ስለሚውል፣ ከተፈጨ በኋላ ወደ ዝናብ ውሃ የሚለቀው እርሳስና ዚንክ ምን ያህል እንደሆነ ምርቱ ገበያ ከመውጣቱ አስቀድሞ መለካት አለበት።