ተራ የማይጠበቅበት ሰንጠረዥ

ዛሬ ሃርልስደን ውስጥ ለሚያድግ ልጅ «ሰንጠረዥ» ቢሉት የሚመጣለት ቼዝ ነው፤ አለዚያም የሒሳብ ሰንጠረዥ። ቅድመ አያቶቹ የሚያውቁት ግን ሌላ ነበር።

ለመሆኑ ልዩነቱ ምን ነበር? በቼዝ አንዱ ሲያንቀሳቅስ ሌላው ተራውን ይጠብቃል። የአገር ቤቱ ሰንጠረዥ ግን የሚከፈተው በ«ወረራ» ነው። ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይሉ፣ በአንድ ጊዜ፣ ያሻቸውን ያህል ያንቀሳቅሳሉ፤ የባላጋራን አሰላለፍ እያዩ የራስን አፍርሶ መሥራትም ይቻላል። ተራ የሚመጣው አንዱ የሌላውን ሲበላ ነው። ሰሌዳውም የተዥጎረጎረ እንጨት ሳይሆን መስመር የወጣለት ጨርቅ ነበር፤ ብዙ ጊዜም ቀይ።

አጨራረሱም ወግ ነበረው። በደር ወይም በፈረስ ማሸነፍ እንደ ሙያ አይቆጠርም፤ በደካሞቹ፣ በፈርዝ ወይም በመደቅ ንጉሡን የያዘ ግን ይሞገሳል። ባላጋራውን አራቁቶ ንጉሡን ብቻውን ያስቀረማ አሸነፈ አይባልም። (ይህ ሕግ ከጨዋታ አልፎ ለቤተ መንግሥቱም በሠራ ያሰኛል።)

ዐፄ ልብነ ድንግል ከአንድ የቬኒስ ሰዓሊ ጋር ይጫወቱ እንደነበር ተጽፏል። እቴጌ ጣይቱም በዚህ ጨዋታ ይታወቁ ነበር። ሕጉን በዝርዝር ካቆዩልን አንዱ ግን በ1848 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ የተሾመው ዋልተር ፕላውደን ነው። እሱ በ1860 ጎንደር አጠገብ በሽፍቶች እጅ ቆስሎ ሞተ፤ ጽሑፉን ወንድሙ አሰናድቶ ለንደን ያሳተመው በ1868 ነው። የመቅደላ ዓመት መሆኑ ነው። የእንግሊዝ ጦር የመቅደላን መጻሕፍት ጭኖ በወሰደበት ዓመት፣ የጨዋታችን ሕግ በእንግሊዝኛ ታትሞ ለንደን ላይ ተሸጠ። የቼዝን ታሪክ የጻፈው ሃሮልድ መሪም በ1913 መጽሐፉ ውስጥ ለኢትዮጵያው ሰንጠረዥ ቦታ ሰጥቶታል።

ከ1935ቱ፣ ከሌላኛው ወረራ፣ ወዲህ ጨዋታው እየጠፋ ሄደ። የሲልቪያ ፓንክረስት ልጅ ሪቻርድ በ1971 ታሪኩንና ሕጉን ሰብስበው አዲስ አበባ ላይ አሳተሙ።

መሞከር ለሚፈልግ ተራ የቼዝ ዕቃ ይበቃል። ንግሥቲቱ ፈርዝ ትሆናለች፤ በማዕዘን አንድ ቤት ብቻ ትሄዳለች። ጳጳሱ ሳባ ይባላል፤ በማዕዘን አንድ ቤት ዘልሎ ሁለተኛው ላይ ያርፋል። መደቅ መነሻው ላይም ቢሆን ሁለት ቤት አይራመድም።