ኮሚሽን የማን እንጀራ ነበር?

በአገራችን ቀድሞ የመድን ወኪል የሆነው ባንክ ነው። የአቢሲኒያ ባንክ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሥራ ሲጀምር አንድ የውጭ ኩባንያ ወክሎ የእሳትና የባሕር መድን ይሸጥ ነበር። በ1915 ዓ.ም ገደማ ደግሞ ዋይንዚንገር የሚባል ኦስትሪያዊ፣ ባሎይዝ የተባለውን የስዊዘርላንድ የእሳት መድን ኩባንያ ወክሎ ይሠራ ጀመር።

በ1943 ዓ.ም ኢምፔሪያል ኢንሹራንስ የመጀመሪያው አገር በቀል ኩባንያ ሆኖ ሲቋቋምም ገበያው በውጮቹ እጅ ነበር። ከአሥር ዓመት ያህል በኋላ 33 ኩባንያ ቢቆጠርም አብዛኞቹ ባሕር ማዶ ተቀምጠው በወኪል የሚሠሩ ናቸው። ወኪሉም ብዙውን ጊዜ የንግድ ቤት ነው፤ መኪናውንና ማሽኑን አስመጥቶ እየሸጠ፣ እግረ መንገዱን መድኑን ይጽፋል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የመድን አዋጅ ቁጥር 281 ከወጣ በኋላ ፈቃድ ያገኙት 15 ኩባንያዎች፣ 36 ወኪሎችና 7 ደላሎች ነበሩ። ለዚያ ሁሉ አገር 36 ወኪል!

ይህን ሁሉ የማነሳው የእህቴ ልጅ በአካውንቲንግ ተመርቆ፣ ሥራ አጥቶ ከርሞ፣ አንድ የመድን ድርጅት በወኪልነት ስለጠራው ነው። ደመወዝ የለም፤ ካመጣው አረቦን ላይ ይቆረጥለታል። «ጋሼ፣ ልግባ ወይስ ይቅርብኝ?» አለኝ። መልሴን ከእሱ ይልቅ የምትጠብቀው እናቱ ናት።

እኔ ወደ መድን የገባሁት በደርግ ጊዜ፣ በደመወዝ ነው። መንግሥት ታኅሣሥ 23 ቀን 1967 ዓ.ም 13 ኩባንያዎችን ወርሶ በዓመቱ በአንድ ድርጅት አጠቃሏቸው ነበር። ደንበኛው ሊብሬውን ይዞ መስኮታችን ድረስ ይመጣል እንጂ እኛ አንሄድለትም። ሌላ የሚሄድበት የለውማ።

በ1986 ዓ.ም አዋጅ ቁጥር 86 ለግል ኩባንያዎች በር ሲከፍት ንያላ፣ አዋሽ፣ ኅብረት፣ ናይል እያሉ ተከታትለው መጡ። ያኔ መስኮት ላይ መቀመጥ ቀርቶ መርካቶን በእግር መዞር መጣ። እኔም ደመወዜን ትቼ ወኪል ሆንኩ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የቤት ኪራይ የተከፈለው ግን በኮሚሽኔ እንዳይመስላችሁ። ባለቤቴ አስተማሪ ናት፤ የበላነው የእሷን ነው። የወኪል ገቢ የሚጠራቀመው በእድሳት ነው፤ ያምና ደንበኛ ዘንድሮም ሲያድስ፣ ወንድሙንም ሲያመጣ። እስኪጠራቀም ድረስ ወኪሉን የሚያበላው ሌላ ነገር መኖር አለበት። ባንኩም የንግድ ቤቱም ያ ነገር ነበራቸው። በኮሚሽን ብቻ የሚያድር ወጣት የኛ ዘመን ፈጠራ ነው፤ ድርጅቱም ይወደዋል፣ ካልሸጠ ምንም አያስወጣውምና።

በ2000 ዓ.ም የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ ሲሆን ሥራው የቀለለ መስሎን ነበር። ሰው ቢመጣም አረቦኑ በታሪፍ የተቆረጠና አነስተኛ ስለሆነ ለወኪል ጠብ የሚል ነገር የለውም። ዳጎስ ያለ ኮሚሽን ያለው የሕይወት መድን ላይ ነው፤ ሰው የማይገዛውም እሱኑ። ዕድሩ ድንኳኑንና ንፍሮውን ለሚችልለት ሰው ስለ ሞቱ ላውራህ ማለት ቀላል አይደለም። ብሩ ከሃያ ዓመት በኋላ ምን ይገዛል ብሎ የሚጠይቅም አለ፤ ለእሱ ዛሬም መልስ የለኝም።

ልጁን በደንብ ያስጠነቀቅኩት ግን ስለ ፎርሙ ነው። ገበያ ላይ 2 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ መኪና ይመጣል። አዲስ ወኪል ደንበኛው አረቦን በዛብኝ ብሎ እንዳይሸሽ 1 ሚሊዮን ብሎ ይሞላል። ሰውየው ይጋጫል፣ ጋራዡ 300 ሺህ ይጠይቃል። ድርጅቱ መኪናው በግማሽ ዋጋው ነው የተመዘገበው ብሎ 150 ሺህ ያሰላል፤ ኤክሰሱም፣ ደንበኛው ራሱ የሚሸከመው ድርሻ፣ ከዚያው ላይ ይነሳል። ደንበኛው የሚደውለው ለድርጅቱ አይደለም፣ ለወኪሉ ነው፤ ያውም በሌሊት። ይህን እያወቁ ዝቅ አድርገው የሚሞሉ አሉ፣ ኮሚሽኑን ዛሬ በልቶ ለነገ ነገ ያውቃል በሚል። እንዲህ ያለው ሰው ሁለተኛ ዓመት እድሳት የለውም።

እናም ግባ አልኩት፣ ግን ባዶ እጅህን አትግባ። እናቱ አልተደሰተችም፤ ባንክ ቤት ቢቀጠር ትመርጥ ነበር። እሱ አሁን ጠዋት ጠዋት ሶማሌ ተራ ለአንድ የመለዋወጫ ነጋዴ ሒሳብ ይይዛል፣ ከሰዓት መድን ይሸጣል። እዚያ ሱቅ የሚገባው ደግሞ ሁሉም ባለ መኪና ነው።