የአሪዞና ክፍል

የአሪዞና ክፍል በዩናይትድ ስቴትስ ደቡብ ምዕራብ፣ በተለይም በአሪዞና ክፍላገር፣ ጣሪያ ያለውን የቤት በረንዳ በወንፊት ሽቦ፣ በመስታወት ወይም በግድግዳ በመክለል የሚሠራ ክፍል ነው። ዓላማው ከቤት ውጭ የነበረውን መቀመጫ ከፀሐይ፣ ከአቧራና ከነፍሳት ጠብቆ ዓመቱን ሙሉ እንዲያገለግል ማድረግ ነው። በፍሎሪዳ ተመሳሳዩ ክፍል የፍሎሪዳ ክፍል ይባላል።

በቀዝቃዛ አገር በረንዳ በመስታወት የሚከለለው የፀሐይን ሙቀት ለመያዝ ነው። በሞቃት አገር ግን ሥራው ተቃራኒ ነው። ክፍት በረንዳ ምቹ የሚሆነው በጥላውና በነፋሱ ሲሆን፣ ሲከለል ነፋሱ ይቀራል። ስለዚህ የተከለለው ክፍል በሙቀት ወራት ሰው ሊቀመጥበት የሚችለው ለቀረው ነፋስ ምትክ ከተበጀለት ብቻ ነው።

የአየር ንብረት

የአሪዞና ትልቋ ከተማ ፊኒክስ በሶኖራ በረሃ ውስጥ ትገኛለች። በጁላይ የቀኑ ከፍተኛ ሙቀት በአማካይ 41 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ነው። በከተማዋ ከተመዘገበው ሁሉ ከፍተኛው እ.ኤ.አ. ጁን 26 ቀን 1990 የነበረው 50 ዲግሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ሙቀቱ ለ31 ተከታታይ ቀናት 43.3 ዲግሪና ከዚያ በላይ ደርሷል። በዚሁ ዓመት ፊኒክስ በምትገኝበት በማሪኮፓ ካውንቲ 645 ሰዎች ከሙቀት ጋር በተያያዘ ምክንያት ሞተዋል። ከእነዚህም አንዳንዶቹ የሞቱት ቤት ውስጥ ሆነው ሲሆን፣ የብዙዎቹ ማቀዝቀዣ የተበላሸ ወይም የጠፋ ነበር።

በጃንዋሪ ግን የቀኑ ሙቀት 19 ወይም 20 ዲግሪ ያህል ስለሚሆን ክፍት በረንዳ በጣም ይመቻል። ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 30 የሞንሱን ወቅት ይባላል። በዚህ ጊዜ አየሩ እርጥበት ያገኛል፤ ነጎድጓዳማ ዝናብና ሃቡብ የሚባል የአቧራ ማዕበልም ይመጣል። እንግዲህ አንድ ክፍል ዓመቱን ሙሉ እንዲያገለግል ከተፈለገ የጁላይን ቀትር፣ የሞንሱንን አቧራና የጃንዋሪን ሌሊት መቻል አለበት።

ታሪክ

የኤሌክትሪክ ማቀዝቀዣ ከመስፋፋቱ በፊት የአሪዞና ነዋሪዎች በሙቀት ወራት በበረንዳ ላይ ይተኙ ነበር። የመኝታ በረንዳ የሚባለው ይህ ቦታ በወንፊት ሽቦ የተከለለ ነበር። አየሩን ለማቀዝቀዝ እርጥብ አንሶላ ይሰቀልበት ነበር። ነፍሳት ወደ አልጋ እንዳይወጡም የአልጋ እግሮች ውኃ ወይም ነጭ ጋዝ ባለበት ቆርቆሮ ውስጥ ይቆሙ ነበር።

በ1930ዎቹ በውኃ ትነት የሚሠራ ማቀዝቀዣ በአካባቢው ተስፋፋ። ይህ መሣሪያ በራሰ የእንጨት ፍቅፋቂ ውስጥ አየር በቬንትሌተር እየሳበ ወደ ቤት ያስገባል። አሠራሩ ውኃ በሸክላ እንስራ ውስጥ ከሚቀዘቅዝበት ምክንያት ጋር አንድ ነው፤ ውኃ ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በጋዝ መጭመቂያ የሚሠራው ኤሲ በመኖሪያ ቤቶች ሲገባ፣ ሰው ከበረንዳ ወደ ውስጥ ተመለሰ። ባዶ የቀረውን በረንዳ ከልሎ እንደ ሳሎን፣ እንደ መጫወቻ ወይም እንደ እንግዳ ክፍል መጠቀምም ተለመደ።

ዓይነቶች

በአሜሪካ የግንባታ ሙያ ለበረንዳ ክፍሎች አምስት ደረጃዎች የሚሰጥ ስታንዳርድ አለ።

አንደኛ ደረጃ፦ ክፍት የሆነ ወይም በወንፊት ሽቦ ወይም በስስ ፕላስቲክ ብቻ የተከለለ፤ ማቀዝቀዣና ማሞቂያ የሌለው።

ሁለተኛ ደረጃ፦ በመስታወት ወይም ብርሃን በሚያሳልፍ ፕላስቲክ የተከለለ፤ ማቀዝቀዣ የሌለው።

ሦስተኛ ደረጃ፦ እንደ ሁለተኛው ሆኖ ውኃና ነፋስ እንዳያስገባ ይበልጥ የታሸገ።

አራተኛ ደረጃ፦ የራሱ ማቀዝቀዣ ወይም ማሞቂያ ያለው፤ ከዋናው ቤት በግድግዳና በበር የተለየ።

አምስተኛ ደረጃ፦ ከዋናው ቤት ጋር ክፍት ሆኖ የተያያዘ፤ እንደ ማንኛውም መኖሪያ ክፍል የሚቆጠር።

ከአንደኛው እስከ አራተኛው ያሉት እንደ መኖሪያ ክፍል አይቆጠሩም። በፊኒክስ አንደኛው ደረጃ ከመጸው እስከ ጸደይ ይበቃል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ግን በጁላይ ከክፍት በረንዳ የባሰ ሊሞቁ ይችላሉ። ዓመቱን ሙሉ የሚያገለግሉት አራተኛውና አምስተኛው ናቸው።

ሙቀት የሚገባበት መንገድ

የፀሐይ ብርሃን በመስታወት በኩል አልፎ ወለሉን፣ ግድግዳውንና ዕቃውን ያሞቃል። የሞቁት ነገሮች በተራቸው ሙቀት ይለቃሉ፤ ይህን ሙቀት ግን መስታወት እንደ ብርሃኑ በቀላሉ አያሳልፈውም። የሞቀው አየርም መውጫ የለውም። በፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጡ የሚግለው በዚሁ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው መግቢያ ጣሪያው ነው። አብዛኛው የበረንዳ ጣሪያ የተሠራው ለጥላ እንጂ ሙቀት ለመከላከል አይደለም። ቀጭን ብረት ወይም ጣውላ ሲግል ከሥሩ ባለው ሰው ላይ ሙቀት ይለቃል። ሦስተኛው ወለሉ ነው። ቀን ፀሐይ የመታው ኮንክሪት ሙቀቱን ይዞ ያመሽና ሌሊት ይለቀዋል። በፊኒክስ በሙቀት ወራት የሌሊቱ ሙቀት ከ32 ዲግሪ የማይወርድባቸው ቀናት ስላሉ፣ መስኮት ከፍቶ በማደር ብቻ ወለሉን ማቀዝቀዝ አይቻልም።

አሠራር

ጥላ። ከሁሉ የሚቀድመው ፀሐይ መስታወቱን ሳትመታ ማገድ ነው። ከመስታወቱ በስተ ውጭ የሚሰቀል የጥላ ወንፊት፣ መከለያ ወይም ተክል ከውስጥ መጋረጃ ይበልጣል፤ መጋረጃው የሚያቆመው ቀድሞ የገባውን ሙቀት ነውና። በፊኒክስ በእኩለ ቀን ፀሐይ ምንጊዜም በደቡብ በኩል ናት። ጁን 21 (ሰኔ 14) ከአድማስ 80 ዲግሪ ያህል ከፍ ትላለች፤ ዲሴምበር 21 (ታኅሣሥ 12) ደግሞ 33 ዲግሪ ያህል ብቻ። በዚህም ምክንያት በደቡብ በኩል 1 ሜትር የወጣ ጣሪያ በጁን እኩለ ቀን ከ5 ሜትር በላይ የሆነ ግድግዳ ያጠላል፤ በዲሴምበር ግን 65 ሴንቲሜትር ያህል ብቻ ስለሚያጠላ ፀሐይዋ ገብታ ክፍሉን ታሞቃለች። በምዕራብ በኩል ያለ ክፍል ግን ዝቅ ያለችውን የከሰዓት ፀሐይ በጣሪያ ብቻ ሊከላከል አይችልም፤ ቁመታዊ መከለያ ወይም ሙሉ ግድግዳ ያሻዋል።

ይህ ስሌት ለየአገሩ ይለያያል። ለምሳሌ በኢትዮጵያ ሞቃት ከተሞች እንደ ድሬዳዋ ባሉት፣ ጁን ላይ የእኩለ ቀን ፀሐይ በሰሜን በኩል ስለምትሆን የሰሜኑም ወገን ጥላ ይፈልጋል።

መስታወት። የመስታወት ጥራት ከሚለካባቸው መንገዶች አንዱ ከፀሐይ ሙቀት ምን ያህሉን እንደሚያስገባ የሚያሳየው ቁጥር ነው። ቁጥሩ ከ0 እስከ 1 ሲሆን፣ ተራ ነጠላ መስታወት 0.8 ያህል ነው። ለሞቃት አገር የሚመከረው 0.25 ወይም ከዚያ በታች የሆነ፣ በዓይን የማይታይ የብረት ቅብ ያለው ድርብ መስታወት ነው። የመስታወቱን ስፋት መቀነስም ይጠቅማል። ግማሽ ግድግዳ በብሎኬት ሠርቶ ከላዩ መስኮት ማድረግ ከወለል እስከ ጣሪያ ከሚደርስ መስታወት በዋጋም በቅዝቃዜም ይሻላል። ወደ ወለል የሚቀርብ መስታወት ሲሰበር ሰው የማይጎዳ ዓይነት መሆን አለበት።

ጣሪያ። በነባሩ ጣሪያና በአዲሱ ኮርኒስ መካከል ሙቀት የሚከላከል ንጣፍ ይገባል፤ የላይኛውም ገጽ ነጭ ወይም ፈዛዛ ቀለም ይቀባል። ከዚያ በፊት ግን ምሰሶዎቹ ተጨማሪውን ክብደትና የማዕበሉን ነፋስ መሸከም መቻላቸው ይረጋገጣል። ክፍት በረንዳ ነፋስን ያሳልፋል፤ የተከለለ በረንዳ ግን ይቀበለዋል።

ወለልና መሠረት። የበረንዳ ወለል ብዙ ጊዜ 10 ሴንቲሜትር ያህል ውፍረት ያለው ኮንክሪት ሆኖ ከሥሩ መሠረት የለውም። የዝናብ ውኃ እንዲወርድም ከቤቱ ወደ ውጭ ያዘነብላል። በእንዲህ ያለ ወለል ላይ በቀጥታ ግድግዳ ማቆም ስንጥቅ ያመጣል፤ ስለዚህ በግድግዳው መስመር መሠረት ይቆፈራል። እንጨት ከአፈር ጋር እንዳይነካካ መጠንቀቅም ያስፈልጋል፤ በአሪዞና ምስጥ የተለመደ ነው።

ማቀዝቀዣ። ቬንትሌተር ሰውነትን እንጂ ክፍሉን አያቀዘቅዝም፤ ሰው በሌለበት ማሽከርከሩ ኤሌክትሪክ ማባከን ነው። በውኃ ትነት የሚሠራው ማቀዝቀዣ በደረቁ ሜይና ጁን በደንብ ያገለግላል፤ በሞንሱን እርጥበት ግን ይደክማል፤ ሲሠራም አየር የሚወጣበት መስኮት መከፈት አለበት። የዋናውን ቤት ኤሲ ቱቦ ቀጥሎ ወደ አዲሱ ክፍል ማድረስ ርካሽ ይመስላል፤ ይሁን እንጂ ማሽኑ የተመረጠው በቀድሞው ቤት ስፋት ልክ ስለሆነ ሁለቱም ቦታ ሳይቀዘቅዝ ሊቀር ይችላል። ለዚህ የተሻለው ለክፍሉ ብቻ የሚሠራ ስፕሊት ኤሲ መግጠምና የቀድሞውን የውጭ በርና ግድግዳ እንዳለ መተው ነው። ክፍሉ በማያስፈልግበት ቀን በሩ ይዘጋል፤ የኤሌክትሪክ ወጪውም ይቀንሳል።

ደንብና ደኅንነት

በረንዳን መክለል በአሪዞና ከተሞች በአጠቃላይ የግንባታ ፈቃድ ይጠይቃል። ቤቱ በቤት ባለቤቶች ማኅበር ሥር ከሆነ የማኅበሩም ስምምነት ሊያስፈልግ ይችላል። ፈቃዱ ሥርዓት ማሟያ ብቻ አይደለም፤ ሦስት አደጋዎችን ይከላከላል።

የመጀመሪያው የእሳት ነው። የመኝታ ቤት መስኮት በቃጠሎ ጊዜ ወደ ደጅ ማምለጫ ስለሆነ፣ በረንዳው ሲከለል መስኮቱ ወደተዘጋ ክፍል የሚከፈት ይሆናል፤ ማምለጫውም ይጠፋል። ሁለተኛው የጭስ ነው። የጋዝ ውኃ ማሞቂያ ወይም ምድጃ ጭስ ማውጫ በበረንዳው በኩል ከሆነ፣ ሽታ የሌለው ገዳይ ጋዝ ካርቦን ሞኖክሳይድ በክፍሉ ሊጠራቀም ይችላል።

ሦስተኛው ሙቀቱ ራሱ ነው። ቤተሰብ ሲበዛ ወይም እንግዳ ሲመጣ የተከለለ በረንዳ መኝታ ቤት ማድረግ የተለመደ ነው። አስተማማኝ ማቀዝቀዣ በሌለው እንዲህ ባለ ክፍል ሕፃናት፣ አረጋውያንና ሕመምተኞች በሙቀት ወራት ማደር የለባቸውም። ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ወይም ማሽኑ ሲበላሽ ከቤቱ ክፍሎች ፈጥኖ የሚግለው ብዙ ጊዜ ይኸው ክፍል ነው።

ተመሳሳይ ክፍሎች

በፍሎሪዳ አየሩ ዓመቱን ሙሉ እርጥበታማ ስለሆነ በውኃ ትነት ማቀዝቀዝ አይጠቅምም። በዚያ የተለመደው በአግድም የተደረደሩ፣ በመዘውር የሚከፈቱ የመስታወት ቅጠሎች ያሉት መስኮት ነው፤ ዝናብ ሲጥልም ነፋስ ያስገባል። ብዙ አማርኛ ተናጋሪዎች በሚኖሩባት እስራኤል በአሮጌ አፓርታማዎች ክፍት ሰገነቶች ትሪስ በሚባል ተንሸራታች ወይም ተጠቅላይ መዝጊያ ተከልለው ወደ ክፍልነት ተለውጠዋል። በዐረብ አገሮች ማሽረቢያ የሚባለው የተፈለፈለ የእንጨት መስኮት ጥላ እየሰጠ ነፋስ የሚያሳልፍ ጥንታዊ መከለያ ነው። የመኝታ በረንዳውም ሆነ ማሽረቢያው መስታወት ሳይኖራቸው ለሙቀት የሚስማሙት ፀሐይን አግደው ነፋስን ስለሚያሳልፉ ነው።